ከመፈረምሽ በፊት

ቆይ፣ አትፈርሚ። የልማት ተነሺ ወረቀቱን አልቀማሽም፤ ከኋላሽ ቆሜ ነው የማነበው። አንቺ ቡናሽን ጠጪ፣ እየቀዘቀዘ ነው።

«ምትክ ቤት» የምትለዋን አየሽና በቀጥታ ወደ ፊርማው ወረድሽ። መሐል ላይ ያለውን ማን ሊያነብልሽ ነው? የተከራይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የቤቱ ስፋት፣ የመረጥሽው የምትክ ዓይነት። እዚህ ውስጥ አንዷ መስመር ከተሳሳተች ለማስተካከል ስትመላለሺ ጫማሽ ያልቃል። ለመፈረም የሚጠራሽ መስኮት አንድ ነው፤ ለማስተካከል ግን «ፋይሉ እዚህ አይደለም፣ ክፍለ ከተማ ሂጂ» ትባያለሽ፣ ክፍለ ከተማ ደግሞ ወደ ወረዳ ይመልስሻል።

ባሌን ተከትዬ ልደታ የገባሁ፣ ከልደታም ተነስቼ ጀሞ የወረድኩ ሰው ነኝና ስሚኝ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቤት ነበር። ስንት ክፍል፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ሴራሚክ አለው ወይስ ሊሾ ነው። አሁን የዚህ ሰፈር ወሬም ያው ነው። ቤትማ ግድግዳና ጣሪያ ነው፣ የትም ይገኛል። ከመፈረምሽ በፊት ማስላት ያለብሽ ይሄ ሰፈር በየወሩ ስንት ብር እንደሚያወጣልሽ ነው። አዎ፣ በብር። ፍቅሩን ለጊዜው ተይው፣ ስለ ፍቅሩ የሚያለቅስ ሞልቷል።

መጀመሪያ ግን የወረቀቱን ነገር እንጨርስ። ለሰው ሁሉ «ቤቱ የእናታችን ነው» ስትይ እሰማለሁ። የእናታችን ሆኖ አያውቅም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይፈቀድም ተባለ። ትርፍ ቤት ተወረሰ። በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ገባ። እማዬ ከቀበሌው ጋር ውል የገባችው በዚያ ነው። እኛ እዚህ የኖርነው በተከራይነት ነው፣ ኪራያችንም እስከ ዛሬ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። ስለዚህ «ካሳዬ ስንት ይሆን» እያልሽ አትመኚ። ካሳ የባለ ይዞታው ነው። ለቀበሌ ቤት ተከራይ የሚቀርብለት ምርጫ ነው፤ ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ወይ ኮንዶሚኒየም በግዢ።

ውሉ ደግሞ ዛሬም በእማዬ ስም ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ስሙን አዛውሪ ስልሽ «ማን ይጠይቀኛል» አልሽ፤ ይኸው ተጠየቅሽ። የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የልጅነት ማስረጃሽን፣ የነዋሪነት መታወቂያሽን፣ ፋይዳሽን፣ የኪራይ ደረሰኞቹን፣ ሁሉንም በአንድ ክላሰር አድርጊ። ደረሰኞቹ በኮሞዲኖው መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ ታስረው አሉ፣ እማዬ አንዱንም አልጣለችም። ይሄን ደግሞ ልብ በይ፦ በልጅነት ማስረጃሽ ላይ የአያታችን ስም «ኃይሌ» ነው፣ በአንቺ መታወቂያ ላይ «ሀይሌ» ነው። ሳቂ፣ ሳቂ። በኮምፒውተር ስትፈለጊ ግን ሁለት ሰው ነሽ። ከጓሮ የለጠፍነው ክፍል በፋይሉ ላይ ካልተመዘገበ በቆጠራው ውስጥ ገባ ብለሽ አትተማመኚ፤ ያም ሆኖ ፎቶ አንሺው። ቤቱን ከውጭም ከውስጥም አንሺው፣ ቆጣሪው፣ ቧንቧው፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር ይታይ። ካሳውንና ምትኩን የሚመለከተው አዋጅ 1161/2011 ነው፣ በ1336/2016 ተሻሽሏል፤ ሁለቱንም ከነጋሪት ጋዜጣ መሸጫ ገዝተሽ ለዚያ ሕግ ለሚማረው የአክስታችን ልጅ ስጪው፣ ቁጭ ብሎ ያንብብልሽ። ቅሬታ የሚቀርበው በተቆጠረ ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ ምንም ያህል እውነት ቢኖርሽ የሚሰማሽ የለም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ።

ሌሊት ተነስተሽ እንጀራ ትጋግሪያለሽ። ደንበኞችሽ፣ ሁለቱ ምግብ ቤቶችና የመሥሪያ ቤቱ ክበብ፣ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፣ ለታክሲ አምስት ሳንቲም አታወጪም። ገላን ወይ አራብሳ ሆነሽ ያንኑ እንጀራ ልታመጪ ብትይስ? በሚኒባስ ያንን ሁሉ ጭነሽ የሁለት ሰው ወንበር ትከፍያለሽ፣ ሰልፉም አለ። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንቺ ባትኖሪ ጎረቤት ያበላዋል፣ ያውም ተቆጥቶ የቤት ሥራውን አሠርቶ። ሞግዚት በወር ስንት እንደምትጠይቅ ታውቂያለሽ? ጨምሪው። ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ገበያው፣ ደብሩ፣ ሁሉም በእግርሽ ነው። ይሄንን ሁሉ ደምሪና ከባንክ ዕዳው ጎን አስቀምጪው። ሃያ ከመቶውን አንቺ ትከፍያለሽ፣ ሰማንያውን ንግድ ባንክ ያበድርሻል፤ ሰው ሁሉ የሚያሰላው ይቺን ብቻ ነው። እኛ ጀሞ ስንገባ ያስጨነቀን የባንኩ አልነበረም። የታክሲው ነው ያራቆተን።

የባለሱቁን የጋሼን የዱቤ ደብተር ደግሞ አይተሽው ታውቂያለሽ? ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ እስክሪብቶው በሲባጎ ከምስማር የታሰረ ነው። የማንም ሙሉ ስም የለበትም። «ጥግ ቤቷ»፣ «ሹፌሩ»፣ «የመንታዎቹ እናት» ይላል፤ አንቺ «እንጀራ» ነሽ፣ በቃ፣ «እንጀራ» ብቻ። ከሥሩ ዘይት፣ ስኳር፣ ኦሞ፣ ካርድ። ወር ሲሞላ የቻልሽውን ትከፍያለሽ፣ እሱም የከፈልሽውን በአንድ መስመር ሰርዞ የቀረውን ወደሚቀጥለው ገጽ ያሻግራል። ወለድ የለ፣ ዋስ የለ። የዚያን ዓመት ባልሽ ሥራ ሲፈታ ያቆመሽ ማን ነው? ወንድምሽ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም፤ ያ ደብተር ነው። ጀሞ በገባን ሰሞን ከታች ካለው ሱቅ ዘይት አንስቼ «ማታ እከፍላለሁ» ስለው ባለሱቁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አልተናገረኝም። ግን የትኛው ብሎክ እንደምኖር አያውቅም፤ ዱቤ የሚሰጥሽ ደግሞ ነገ የት እንደሚያገኝሽ የሚያውቅ ነው። በዚያ ሱቅ ስሜ እስኪጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ስለዚህ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። አንድ ሰፈር ይነሳል ሲባል መጀመሪያ የሚደርቀው ዱቤ ነው። ግድግዳው ላይ የማፍረሻ ምልክቱ ከተቀባ በኋላ ጋሼም ዕቃ መሙላት እንደተወ አላየሽም? መደርደሪያው ሳስቷል። ያለብሽን ቀስ እያልሽ ዝጊለት፣ ሳይዘጋ እንዳትበታተኑ፤ እሱም ሰው ነው፣ እሱም ተነሺ ነው። ያለሽን ደግሞ ሰብስቢ። ምግብ ቤቶቹ የሚከፍሉሽ በአሥራ አምስት ቀን ነበር አይደል? ከዚህ በኋላ በየቀኑ በያቸው። እነሱ ራሳቸው ነገ የት እንደሚሆኑ አያውቁም።

ስለ መጋገሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንዶሚኒየም ላይ ማገዶ የለም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ከዋለ ሊጡ ኮምጥጦ ደንበኛሽ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ለጋራ መገልገያ ተብሎ የተሠራ ቤት አለ፣ ለመጋገሪያ፣ ለማጠቢያ፣ ለዓመት በዓል በግ ማረጃ። አንዳንድ ቦታ ኮሚቴው አከራይቶታል፣ አንዳንድ ቦታ ጥበቃው ይተኛበታል። ሳይቱን ስታዪ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ። ደግሞ እሁድ ከሰዓት ሄደሽ «ነፋሻ ነው፣ ያምራል» ብለሽ እንዳትመለሺ። እሁድ ሳይት ማየት ሙሽራን በሰርጓ ቀን አይቶ ስለ ትዳሯ እንደ መናገር ነው። ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ ተገኚ፣ ከሠራተኛው ጋር ተሰለፊ፣ እዚህ እስክትደርሺ ያለውን ሰዓት ቁጠሪ። ማታ በአሥራ አንድ ተኩልም እንዲሁ።

አሁን ደግሞ ልትነግሪኝ ነው፣ «የኛ ሰፈር ሰው ደግ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው የትም አይገኝም»። ደግነቱ ከየት መጣ? ይቺ ከተማ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጀምሮ ሰፈሩ በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተሰራ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር። ጌታው ከላይ፣ ወታደሩና አገልጋዩ ከሥሩ። ደርግ መጥቶ ሲወርስ ያንን አላፈረሰውም፣ አጸናው እንጂ፤ ቪላ ቤቱ ከጭቃ ቤቱ ጋር አጥር ተጋርቶ ቀረ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጡረተኛው፣ ጠላ ሻጯ በአንድ ዕድር። ሀብታሙ ሠራተኛ ሲፈልግ ሁለት በር አልፎ ያገኛል፣ ድሃው ሥራ ሲፈልግ እንዲሁ። ደግነቱን ያቆመው ይሄ ነው፣ አንዱ ለአንዱ እንጀራ መሆኑ። አሁን የመጣው ለውጥ ሰዉን በኪሱ ልክ ይለያየዋል። ከመሐል የሚቀረው መክፈል የሚችል ነው፣ የተነሳው ደግሞ አብዛኛው እንደሱ ያለ የተነሳ ሰው ሰፈር ይገባል። ገላን ጉራ የገባው የካዛንቺስ ሰው ቤቱ አዲስ ነው፣ ግን ልብስ ላጥባልህ የምትይው ሰው ራሱ ልብሱን ሲያጥብ ታገኚዋለሽ።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያን ለማየት ሄድን፣ ትዝ ይልሻል? የዓድዋ ሙዚየም በየካቲት ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። በማግስቱ ዓመት ካዛንቺስ ተከተለ። ያን ቀን «ምን አጠፋን?» ብለሽኝ ነበር። ምንም አላጠፋሽም። መሐል ከተማ ያለ መሬት በሊዝ ሲጫረት የሚያወጣውን አስቢ፣ በዚያው መሬት ላይ አንቺ የምትከፍይውን ኪራይ አስቢ። መሬቱ ተወደደ እንጂ አንቺ አልረከስሽም። ይሄን የምልሽ እንድታመሰግኚ አይደለም፤ ነገሩን እንደ ቅጣት ከወሰድሽው ወረዳ ገብተሽ እየተርበተበትሽ ነው የምታወሪው። ቀና ብለሽ ጠይቂ።

መንገዱም ያምራል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የብስክሌት መስመር፤ ማታ ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ተራምጃለሁ፣ ደስ ብሎኛል። አሮጌው ሰፈር ገነት ነበር የሚለኝን ሰው ደግሞ አልታገሥም። አብዛኛው እንዲህ የሚለው የጋራ ሽንት ቤት ተሰልፎ የማያውቅ ነው። እኔና አንቺ በክረምት ሌሊት በባትሪ፣ አንዷ በር ይዛ፣ አንዷ ውስጥ ሆና፣ ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ለማስመጠጥ ከየቤቱ መዋጮ አልሰበሰብ ብሎ። እማዬ ስትታመም ያ ሽንት ቤት ነው ያዋረዳት። የራስሽ ሽንት ቤት፣ የራስሽ ቁልፍ፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ደስ ሲልሽ አትፈሪ፣ አትደብቂው። ለቅሶ ቤት እንዳለሽ ፊትሽን አጨፍግገሽ ቁልፍ አትቀበዪ።

አባባን ግን አራተኛ ፎቅ እንዳትወስጂው። ጉልበቱን ታውቂዋለሽ። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የሐኪም ወረቀት አሠርተሽ ምድር ቤት ይገባል ብለሽ አመልክቺ፣ በእጅ ብቻ አይደለም፣ ግልባጩን መዝገብ ቤት አስመዝግበሽ ቁጥሩን ያዢ። እምቢ ካሉሽም ከወጣት ባልና ሚስት ጋር መቀያየር አለ፤ ወጣቶቹ ከላይ መሆን ይወዳሉ፣ ከአቧራም ከሌባም ይሸሻሉ። ልውውጡ ግን በቃል አይሁን። እኛ ብሎክ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አምስተኛ ፎቅ ደርሷቸው ከገቡ በኋላ ከቤት የሚወጡት ለቅዳሴና ለሐኪም ብቻ ሆነ፤ ሰው ሲናፍቃቸው በረንዳ ላይ ቆመው ወደ ታች ሰላም ይላሉ። አባባ ያለ ደጅ ወሬ አንድ ወር አይቆይም።

ዕድሩን በተመለከተ፣ አትውጪ። ሰው ሲበታተን መጀመሪያ የሚያደርገው የዕድሩን ገንዘብ ተከፋፍሎ ድንኳኑን መሸጥ ነው፤ ከዚያ አንድ ሰው ይሞትና አገር ይጨንቃል። አዲሱ ብሎክ ዕድር እስኪያቋቁም ጊዜ ይወስዳል፣ ቢቋቋምም መግቢያ አለው። ቢያንስ አንድ ዓመት በሁለቱም ክፈዪ። እሁድ ስብሰባው ላይ ወንዶቹ ስለ ካሳና ስለ ፖለቲካ ሲጨቃጨቁ አንቺ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ብረት ድስቱና ስለ አግዳሚ ወንበሩ ጠይቂ፤ የት ይቀመጣል፣ ቁልፉን ማን ይይዛል፣ አራብሳ ላይ ሰው ቢሞት በምን መኪና ይሄዳል? ጥያቄው ቀላል ነው፣ ግን ሌላ የሚያነሳው አታገኚም።

ደላላው መጥቶ ነበር አሉ። ባልሽን ደግሞ ወንድሙ «ሸጠን ሚኒባስ እንግዛ» እንዳለው ሰምቻለሁ፣ ከማን እንደሰማሁ አትጠይቂኝ። ኮንዶሚኒየሙ ውል ከተፈራረምሽ ጀምሮ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። ደላላው ይሄን ያውቃል፤ ስለዚህ «በውክልና እንጨርሳለን» ይልሻል። ውክልና ሰጥተሽ ብር ትቀበያለሽ፣ ቤቱ ግን በአንቺ ስም፣ ዕዳውም በአንቺ ስም። ቤቱ ሲወደድ አንቺ ይቆጭሻል፣ ገዢው ይፈራል፣ ፍርድ ቤት ስትጓተቱ ሚኒባሱ ጎማው አልቆ ቆሟል። የግድ ከሆነብሽ አከራዪውና እዚሁ ቅርብ ተከራዪ። የቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚልሽ ካለ ስሚውና ሳቂ፣ ከዚያ ሌላ ቤት ፈልጊ። ይሄ ሕግ አንቺም አከራይ ስትሆኚ ይይዝሻል፣ ያንን አትርሺ።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልጅ፣ ያቺ ካፌ የምትሠራው፣ ነግረሻታል? ዝም ካልሽ አልነገርሻትም ማለት ነው። እሷ እዚህ ወረቀት ላይ የለችም። በየግቢው እንደሷ ያሉ አሉ፣ ደባሉ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ተማሪ፣ ሌሊት ጥበቃ አድሮ ቀን የሚተኛው ሰውዬ። ምትክ ቤት አይሰጣቸውም፣ ዕጣ ውስጥ አይገቡም፣ ስማቸው የተጻፈበት ቦታ ቢኖር የጋሼ ደብተር ነው። ኪራይዋ እንዳይቋረጥብሽ ብለሽ እስከ መጨረሻው ቀን ልትደብቂያት አስበሽ ከሆነ፣ ተዪ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገባ ጥሪያት። መቼ እንደምትነሱ የምታውቂውን ንገሪያት፣ የያዝሽባትን ቅድሚያ መልሺላት፣ ክፍል የሚያከራይ ካወቅሽም አገናኚያት። ቄራ አካባቢ አንዲት የማውቃት ሴትዮ አለች፣ ክፍሏ በወሩ መጨረሻ ይለቀቃል። ስልኳን እሰጥሻለሁ፣ ግን ቀድማ ትደውል፤ አንድ ሰፈር ሲነሳ የሌላው ሰፈር ኪራይ ወዲያው ይጨምራል።